ካፑን እንዳታነሳ

ስሜ ጉልላት ነው። ናይሮቢ ውስጥ ብረት የሚያስበይድ ሐበሻ ሁሉ «ጋሽ ጉልላት» ብሎ ይጠራኛል፤ የማያውቀኝ ካለ ትናንት የመጣ ነው። ኪሊማኒ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች የአብዛኞቹን የውጭ በር የሠራሁት እኔ ነኝ። እኔ በምኖርበት በሳውዝ ሲ ደግሞ የመስኮት ፍርግርግ አይታችሁ ብየዳው የቱ ጋ እንደሆነ ካጣችሁት፣ ያ የኔ ሥራ ነው።

ብየዳ ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። በወጣትነቴ ሌሎች ሲበይዱ አጥር ተደግፌ በጣቶቼ መሀል እያጮለቅሁ፣ ዓይኔ እስኪያለቅስ ድረስ እያየሁ፣ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አስተማሪውም ጎበዝ ነበር፣ ተማሪውም ጎበዝ ነበር።

የምኮራበትን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ይህ ገጠመኝ ያለ እሱ አይገባችሁም። የኔ ብየዳ አይታይም። ሌላው ሰው በይዶ፣ ቀለም ቀብቶ ያስረክባል። እኔ በይጄ ስጨርስ ግራይንደር አነሳና ያበጠውን መስመር ከብረቱ ጋር እኩል እስኪሆን እሞርደዋለሁ፤ በብርጭቆ ወረቀትም አለሰልሰዋለሁ። ከዚያ ደንበኛውን እጠራና «ዓይንህን ጨፍነህ በጣትህ ዳስ፤ ብየዳውን አግኝልኝ» እለዋለሁ። አያገኘውም። የኛ ሰው እንደሆነ እንዲህ ያለ ሥራ ነው የሚወደው፤ ትንሽ ከሻከረው «ምነው ጋሼ፣ በሩ ላይ ጠባሳ ትተውልኝ ሄዱ?» ይላል።

ሁለተኛው መታወቂያዬ ሰማያዊ ካፕ ኮፍያ ነው። ከሥሩ ፀጉር የለም። የፀጉሩን ጉዳይ የሚያውቁት ባለቤቴና ልጄ ብቻ ናቸው፤ በዚያው እንዲቆይ ነበር ሐሳቤ።

ነገሩ የጀመረው ልጄ ትርሲት አንድ ቀን ከሰዓት ስልኳን እያወዛወዘች ወርክሾፕ ስትገባ ነው። ትርሲት ያደገችው እዚሁ ናይሮቢ ነው፤ የወርክሾፑን የቢሮ ሥራ የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት።

«አባዬ፣ የጊጊሪውን ሥራ አገኘን! በት አንድ ነገር አለ።»

ልጄ «በት» ካለች በኋላ ደስ የሚል ነገር ተናግራ አታውቅም።

ሥራው ጊጊሪ ለሚገኝ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ነበር፤ የብረት ደረጃ፣ ከጎኑ ደግሞ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች የአሉሚኒየም መወጣጫ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሥራ አላገኘሁም ነበር። በርና መስኮት ሌባ ይከለክላል፤ ደረጃና መወጣጫ ግን ሰው ይሸከማል።

«ሰው የሚሸከም ብረት ስለሆነ ሰርተፍኬት ይፈልጋሉ» አለች። «ብረቱና አሉሚኒየሙ ከየትኛው ፋብሪካ እንደወጣ ማስረጃ ይፈልጋሉ፤ እሱን ጨርሻለሁ። እያንዳንዱ ብየዳ እንዴት እንደሚሠራ በጽሑፍ ይፈልጋሉ፤ እሱንም ጨርሻለሁ። የቀረው በያጆቹ መፈተናቸው ነው። ሙክታር ብረቱን አልፏል። ዋና በያጅ ሆነህ የተመዘገብከው ግን አንተ ነህ፤ ሁለቱንም ማለፍ አለብህ።»

«የምን ሁለቱንም?»

«ለብረት ለብቻ፣ ለአሉሚኒየም ለብቻ ነው የምትፈተነው። እንደ መንጃ ፈቃድ አስበው፤ የሞተር ሳይክሉ ለጭነት መኪና አይሆንም።»

«እኔ ጋሽ ጉልላት ልፈተን? ማን ነው የሚፈትነኝ?»

«ካልተፈተንክ በዚህ ሥራ ላይ መበየጃ መያዝ አትችልም። አሉሚኒየሙን ካንተ በቀር የሚሠራ ስለሌለን ደግሞ ሥራው ይሄዳል። ፈታኟ ነገ ነው ያለችው፤ ከዚያ ወደ ሞምባሳ ትወርዳለች። ፕሊስ፣ አባዬ።»

ሙክታር የሞያሌ ልጅ ነው፤ ጎልማሳ፣ ጎበዝ፣ ምላሱም የማያርፍ። ከወዲያ ጥግ ጭምብሉን ገልጦ ሳቀ።

«አይጨነቁ ጋሼ። ቢወድቁም እኔ አለሁ። እኔ ስበይድ እርስዎ ብረቱን ይይዙልኛል፤ ጥሩ ያዥ ይወጣዎታል።»

«ዝም በል አንተ! መበየጃ አያያዝ ያስተማረህ ማን ሆነና ነው!»

«እርስዎ ነዎት። ለዚህ እኮ ነው የማዝንልዎት።»

ሳቅን። ቤቴ ገብቼ ጋደም ስል ግን ሳቁ ጠፋ። በገዛ ወርክሾፔ፣ በሕይወቴ ትልቁ ሥራ ላይ፣ ብረት ያዥ ሆኜ ቆሜ ታየኝ። አልወደድኩትም።

በማግሥቱ ጠዋት እኔና ትርሲት በማታቱ ተሳፍረን እዚሁ ናይሮቢ ሞምባሳ መንገድ በሚባለው ጎዳና ዳር ወዳለው የፈተና ቦታ ሄድን። ቆርቆሮ የለበሰ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ውስጡ በመጋረጃ ተከፋፍሏል፤ በየክፍሉ አንድ አንድ ሰው እየተቀመጠ ይፈተናል። ፈታኝ ሲሉኝ ቦርጫም ሰውዬ ጠብቄ ነበር። የመጣችው ትርሲትን የምታክል፣ ሹሩባዋን በሄልሜት የሸፈነች፣ ዋንጂሩ የምትባል ልጅ ናት።

«ካሪቡ፣ ምዜ» አለችኝ። ስዋሂሊና እንግሊዝኛ አንቱታ የላቸውም፤ «ምዜ» ካሏችሁ ግን አንቱ ብለዋችኋል ማለት ነው።

ጣት የሚያህል ውፍረት ያላቸው ሁለት የብረት ቁራጮች ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ መስታወት ቀጥ ተደርገው ታስረው ጠበቁኝ። ሥራዬ ከታች ወደ ላይ እየበየድኩ አንድ ማድረግ ነበር። ዋንጂሩ ደንቡን በእንግሊዝኛ ታንበለብለው ጀመር። ስዋሂሊዬ ምንም አይወጣለትም፤ እንግሊዝኛዬ ግን ደንበኛን የሚያሳምን እንጂ ፈታኝን የሚከተል አይደለም። ጄኔሬተሩ ደግሞ ይጮሃል። ብረቱን ከታሰረበት እንዳላንቀሳቅስ ሰማሁ። በአንዱ መስመርና በሌላው መሀል በግራይንደር ማጽዳት እንደሚቻል ሰማሁ። የቀረውን ጄኔሬተሩ ሰማው።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። ግድግዳው ላይ ሄልሜት ያደረገ ሰው ሥዕል ተለጥፏል። «ኮፍያህን አውልቅ ልትለኝ ነው፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት መላጣዬ ሊወጣ ነው» ብዬ እጄን ወደ ኮፍያዬ ሰደድኩ። ልክ በዚያች ቅጽበት ዋንጂሩ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ጮክ ብላ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ እንዲህ አለች፦

«ምዜ፣ ካፑን እንዳታነሳ! ካፑን እንዳለ ተወው!»

እንዴት ደስ እንዳለኝ! እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ! ለሽማግሌ ክብር ያላት! «አሳንቴ ሳና፣ ልጄ! እግዜር ይስጥሽ!» አልኳት። ትንሽ ግራ እንደገባት ሆና ፈገግ አለችና ወደ ሌሎቹ ተፈታኞች ሄደች።

ኮፍያዬን ወደኋላ አዞርኩ፣ ጭምብሌን ደፋሁ፣ ጀመርኩ።

ቁም ብየዳ የሠራ ያውቀዋል። የቀለጠው ብረት መውደቅ ይፈልጋል፤ ብትቸኩልበት ይፈስሳል፣ ብትዘገይበት ያብጣል። የመጀመሪያውን መስመር ከሥር አስያዝኩ፣ አጸዳሁ። ሁለተኛውን ደረብኩ፣ አጸዳሁ። የመጨረሻውን፣ ከላይ የሚከደነውን መስመር፣ እጄን ከግራ ወደ ቀኝ እያወዛወዝኩ እስከ ላይ ወሰድኩት። ጭምብሌን ስገልጥ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ፣ እኩል በእኩል የተደራረበ መስመር አየሁ። አጠገቤ ሰው ስላልነበረ ራሴን ራሴ አመሰገንኩ።

ከዚያም እንደ ወጉ ግራይንደሩን አነሳሁ።

ሞረድኩት። ብልጭታው እስከ መጋረጃው ድረስ ይረጫል። ከጎኔ ይፈተን የነበረ አንድ ኬንያዊ ድምፁን ሰምቶ በመጋረጃው ሲያጮልቅ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ምዜ! ምዜ! ካፕ! ካፕ!» እያለ ይጮሃል፤ እጁን ያወናጭፋል።

«አይዞህ!» አልኩት በስዋሂሊ፣ ኮፍያዬን መታ መታ እያደረግሁ። «ፈቅዳልኛለች!»

ቀንቶ ነው ብዬ ነበር። እሱ ሄልሜት አድርጎ ላቡ ይንጠፈጠፋል፤ እኔ ግን በኮፍያዬ ዘና ብያለሁ። ሰውዬው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ መጋረጃው ውስጥ ተመለሰ። እኔም ሥራዬን ቀጥዬ ብረቱን ፊት የሚያሳይ መስታወት አደረግሁት። በእጅጌዬ ወልወል አድርጌ፣ እጄን ደረቴ ላይ አጣጥፌ ጠበቅሁ።

ዋንጂሩ መጣች። ባትሪዋን አበራች። ወደ ብረቱ ጠጋ አለች፣ ራቅ አለች፣ እንደገና ጠጋ አለች።

«በጣትሽ ዳሽው» አልኳት። «ብየዳውን ካገኘሽው እኔ ጉልላት አይደለሁም።»

«ምዜ» አለች ቀስ ብላ፤ «ካፑ የት አለ?»

«ይኸው!» ብዬ በሁለት እጄ ወደ ራሴ አመለከትኩ። «እንዳልሽኝ አላነሳሁትም!»

ከመጋረጃው ጀርባ ያ ጎረቤቴ እንደ ጄኔሬተሩ ተነስቶ ሳቀ። ዋንጂሩ ከንፈሯን ነክሳ ያዘች። ትርሲት ከተቀመጠችበት አግዳሚ ሮጣ መጣች።

«አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?»

ዋንጂሩ አስረዳቻት፤ እሷም ለኔ ተረጎመችልኝ። ካፕ የሚሉት ከላይ የሚከደነውን የመጨረሻውን የብየዳ መስመር ነው። መጀመሪያ እሱ በዓይን ይመረመራል፤ ወርዱ፣ ከፍታው፣ ዳርና ዳሩ። ያንን ያለፈ ብረት ተቆርጦ በማሽን ይታጠፋል። እኔ ደግሞ የሚመረመረውን ነገር ሞርጄ አቧራ አድርጌዋለሁ።

«እሺ እጠፊው!» አልኩ ዋንጂሩን። ደሜ ፈልቷል። «ለምን ዓይን ያስፈልጋል? አሁኑኑ በማሽንሽ እጠፊው፣ ከተሰነጠቀ ሙያዬን እተዋለሁ!»

«አልችልም ምዜ። ያላየሁትን አልፈርምም።»

«የኔ ሙያ እኮ ይኸው ነው! የኔ ብየዳ አይታይም! ከተማውን ሙሉ ብትጠይቂ ይነግሩሻል!»

ልጅቷ አልተቆጣችም። ሄልሜቷን ከግንባሯ ከፍ አደረገችና በስዋሂሊ፣ አንድም ቃል እንዳያመልጠኝ፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ምዜ፣ በደንብ ሳይበይድ ክፍተቱን በስቱኮ ደፍኖ፣ አለስልሶ፣ ቀለም ቀብቶ የሚያመጣልኝ ፋንዲ፣ ባለሙያ ነኝ ባይ፣ አለ። የሱም ብየዳ አይታይም። አንተን ከሱ በምን ልለይህ?»

የሞረድኩትን ብረት ዞሬ አየሁት። ያንን አጭበርባሪ እኔም አውቀዋለሁ፤ በያለበት አለ፤ ስንቴ ሰድቤዋለሁ። አሁን ግን አጠገቤ ቢያቆሙትና ሥራችንን ጎን ለጎን ቢያስቀምጡት ሁለታችንም አንድ ዓይነት ለስላሳ ብረት ይዘን እንቆማለን። ለካ ጎበዝነቴን ስሞርድ ነው የኖርኩት።

ትርሲት ሁኔታዬን አይታ ነገሩን ለማለዘብ ፈለገች መሰለኝ፣ «አባዬ፣ ካፕ በአማርኛ ምን ይባላል? ለነገሩ ኮፍያ አይደለም። ያ ጎጆ ቤት ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ ከሁሉም በላይ የሚደረገው ነገር፣ ምንድን ነበር ስሙ?» አለችኝ።

«ጉልላት» አልኳት።

ተያየን።

«አባዬ!» ብላ አፏን ያዘች። «የራስህን ስም ሞርደህ ጣልከው እኮ!»

ለዋንጂሩ በእንግሊዝኛ ነገረቻት። እስከዚያ ድረስ ጨዋ ሆና የቆየችው ዋንጂሩ እዚያው ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ያ ጎረቤቴም መጋረጃውን ገልጦ መጣና አብሮ ሳቀ። በመጨረሻ እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ሳቁ ሲያልቅ ደንቡ እንዳለ ነበር። ዋንጂሩ ከሳቅ ወደ ደንብ የምትመለስበት ፍጥነት የሚገርም ነው። የተበላሸበት ተፈታኝ በዚያው ቀን እንደገና መሞከር ይችላል፤ ግን በአንድ ፋንታ ሁለት ብረት ይበይዳል። ሁለቱም ማለፍ አለባቸው። አንዱ ከወደቀ ሌላውም ዋጋ የለውም፤ ጊጊሪም የለም። ሙክታርም ጥሩ ብረት ያዥ አገኘ ማለት ነው።

«አባዬ፣ ደክሞሃል። ሌላ ጊዜ ቢሆንስ?» አለች ትርሲት።

«ሞምባሳ ድረስ ልከተላት? ብረቱን አምጡ።»

ከቤት የያዝነውን ቻፓቲና ባቄላ በላን። ሁለቱ ብረቶች ታሰሩ። ቆርቆሮው ሥር ፀሐዩ እንደ ምድጃ ማቃጠል ጀምሯል። ጭምብሌን ልደፋ ስል አንድ ነገር አሰብኩ።

«ዋንጂሩ፣ ይኼኛውን ካፕስ ላንሳው?» ብዬ ኮፍያዬን ነካሁ።

«ያንን እንኳ አንሳው» አለች።

አነሳሁት። መላጣዬ ለሕዝብ ታየ። ማንም አልሞተም።

ሁለቱን ብረቶች በይጄ ስጨርስ እጄ በልማድ ወደ ግራይንደሩ ሄደ። እውነቴን ነው፣ ራሱ ሄደ። ትርሲት ከሩቅ «አባዬ!» ብላ ጮኸች፤ እጄን ወደ ኪሴ ከተትኩት። ብየዳው እንዳለ፣ ያበጠው እንዳበጠ፣ ቅርፊቱ እንደተደረደረ ቀረ። ሥራዬን ሳልከድነው ሰው ሲያየው ራቁቴን የቆምኩ መሰለኝ። ዋንጂሩ ባትሪዋን አብርታ እያንዳንዷን መስመር ተከተለች፣ በመለኪያዋ ለካች፣ በጠመኔ ምልክት አድርጋ ወደ መቁረጫው ላከቻቸው።

የማጠፊያው ማሽን ዝም ያለ ነገር ነው። ከብየዳው የተቆረጠውን ቀጠን ያለ ቁራጭ ብረት መሀሉን ተጭኖ እንደ ፈረስ ኮቴ ብረት ያጥፈዋል። ብየዳው ልብ የሌለው ከሆነ በመታጠፊያው ላይ አፉን ይከፍታል። አንዱ ገባ፤ ታጠፈ። ዋንጂሩ አውጥታ ወደ ብርሃን ያዘችው። ሁለተኛው ገባ። እኔ ማሽኑን ትቼ ፊቷን ነው የማየው፤ የሷ ፊት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ የማይታጠፍ ነው። ትርሲት ክንዴን ጨምድዳ ይዛኛለች። የመጨረሻውን አውጥታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና ለኔ አቀበለችኝ። ትኩስ ነበር። አንድም ስንጥቅ የለበትም።

«ሳፊ፣ ምዜ» አለች፤ ንጹሕ ነው፣ አልፈሃል ማለቷ ነው። «አሁን አሉሚኒየሙ ቀረህ።»

የአሉሚኒየሙን ነገር አላስረዝምባችሁም። አሉሚኒየም ሳይቀላ የሚቀልጥ፣ ሳያስጠነቅቅ የሚፈስ ተንኮለኛ ነው፤ ብዙውን በያጅ ያስለቅሳል። እኔን አያስለቅሰኝም። በመጀመሪያው ሙከራ አለፍኩ፤ ዋንጂሩ ራሷ ባትሪዋን ሳታጠፋ ቆማ ካስፈለገው በላይ አየችው። ማየት ከሚጠበቅባት በላይ ነው ያየችው፤ ይህን ጻፉልኝ።

ልንወጣ ስንል አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ሰርተፍኬት ያለው በያጅ የራሱ ምልክት አለው፤ በበየደው ጎን ብረቱ ላይ በመዶሻ ይመታዋል፣ ማን እንደሠራው ለዘላለም እንዲታወቅ። «አንተ ምን እንዲሆን ትፈልጋለህ? ፊደል ይሁን ቁጥር?»

«የኛ ፊደል ይሆናል?»

«ከሌላ ሰው ጋር እስካልተምታታ ድረስ ምን ቸገረኝ።»

«እንግዲያስ አይምታታም» አልኩና መዳፏ ላይ በጠመኔ ጻፍኩላት፦ ጉ።

በማግሥቱ ጠዋት ወርክሾፕ ስገባ ሙክታር ሰምቶ ኖሮ በሩ ላይ ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሳኝ። «ምዜ ካፕ ደህና አደሩ?» አለ። እስከ ዛሬ ድረስ ኬንያውያኑ ሠራተኞች የሚጠሩኝ በዚሁ ስም ነው። «ና፣ ብረት ያዝልኝ» አልኩት፤ ያዘልኝም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደኔ ራሳችሁን ያስተማራችሁ ጎበዞች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ወረቀት የሚጠይቁ ሰዎችን ሁሉ ሙያ የማያውቁ አድርጌ ነበር የማያቸው። ያቺ ልጅ ግን ከኔ የፈለገችው ወረቀት አልነበረም፤ ሥራዬን እንዳሳያት ነው። ለበርና ለመስኮት ዛሬም እሞርዳለሁ፣ ደንበኛ ይወደዋል። ሰው ለሚሸከም ብረት ግን ግራይንደሬን መስመሩ ላይ አላሳርፍም። ሥራችሁ ጥሩ ከሆነ ለምን ትደብቁታላችሁ? እኔ ስንት ዘመን እንደ ደበቅሁት ሳስበው ከተማው ምን ያህል እንዳመለጠው ይታየኛል።

ያ የሞረድኩት ብረት ዛሬም ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ፊት ያሳያል። በዚያ ቀን ከበየድኳቸው ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር፤ ቢታጠፍ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አይወጣውም፤ እርግጠኛ ነኝ። ትርሲት አንዳንዴ ታነሳውና «አባዬ፣ ለምን ወስደን አናሳጥፈውም? ይለይልን» ትለኛለች።

«ተይው» እላታለሁ፤ «ጌጥ ነው።»

ጊጊሪ ጉዳይ ገጥሟችሁ በዚያ በአሉሚኒየሙ መወጣጫ ከወጣችሁ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። የእጅ መደገፊያው ከቋሚው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጣታችሁን ወደ ሥሩ ስደዱና ዳሱ። እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነገር ይሻክራችኋል፤ ከጎኑም አንዲት የኛ ፊደል ታገኛላችሁ። ያ የሻከራችሁ እኔ ነኝ።